የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃን በአቅም ለመማር፦ የትኛው ዲግሪ፣ በየትኛው መንገድ?

እናት ከሜሪላንድ

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ በመጪው ሰኔ ሁለተኛ ደረጃን ትጨርሳለች፤ ማጥናት የምትፈልገው የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ነው። እኔና አባቷ እንዲህ ያለ ዲግሪ መኖሩን ያወቅነው ከእርሷ ነው። ምርጫዋን አልተቃወምንም፤ የሚያስጨንቀን ክፍያው ነው። በሌላ ግዛት የሚገኝ አንድ የግል የኪነ ጥበብ ኮሌጅ ተቀብሏታል፤ ስኮላርሺፕም ሰጥቷታል። ይሁንና ስኮላርሺፑ ተቀንሶ የሚቀረው ገንዘብ ከገቢያችን ጋር አይገናኝም፤ በየዓመቱ ብድር መውሰድ ግድ ሊሆን ነው።

ሁለተኛው አማራጫችን ቨርጂኒያ የሚገኘው የሜሪ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ይህንኑ ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ይሰጣል፤ እኛ ግን የሜሪላንድ ነዋሪዎች ስለሆንን የምንጠየቀው የውጭ ግዛት ተማሪ ክፍያ ነው። ሦስተኛው እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ታሪክ ወይም አርክቴክቸር አጥንታ ጥበቃውን በሁለተኛ ዲግሪ እንድትማረው ማድረግ ነው። በሙያው ውስጥ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በዲግሪው ላይ የጥበቃ ስም መጻፉ ለሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅም፣ የኮሌጁ ዝናስ ዕዳውን የሚያክል ዋጋ እንዳለው ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የመዝገብ ሰው

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። በአንድ ግዛት የታሪካዊ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ስለምሠራ፣ ማመልከቻ ከሚያነቡት ወገን ሆኜ ልመልስልዎ። ጉዳዩን ከኮሌጁ ስም ሳይሆን ከሕጉ መጀመር ይሻላል፤ በአሜሪካ ይህ ሙያ በአብዛኛው የሚኖረው ሕግ ስለሚያዝዝ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የብሔራዊ ታሪካዊ ጥበቃ ሕግ፣ በአንቀጽ 106፣ ማንኛውም የፌዴራል መሥሪያ ቤት መንገድ ሲሠራ፣ ድልድይ ሲያፈርስ፣ ገንዘብ ሲመድብ ወይም ፈቃድ ሲሰጥ፣ በብሔራዊው የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ የገቡ ወይም ለመግባት የሚበቁ ሥፍራዎች ምን እንደሚደርስባቸው አስቀድሞ እንዲያጤን ያስገድዳል። ስለዚህ ቦታው ድረስ ሄዶ ሕንፃውን የሚያይ፣ መቼ እንደተሠራና ምን እንደተለወጠበት ከሰነድ የሚያጣራ፣ ለመዝገቡ ይበቃል አይበቃም ብሎ በማስረጃ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው ማን ሊሆን እንደሚችል የሚወስን መስፈርት አለ። ብሔራዊ ፓርኮችን የሚያስተዳድረው የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው የሙያ ብቃት መለኪያ አምስት ዘርፎችን ይዘረዝራል፤ እነርሱም ታሪክ፣ አርኪዮሎጂ፣ የሥነ ሕንፃ ታሪክ፣ አርክቴክቸር እና ታሪካዊ አርክቴክቸር ናቸው። ልብ ይበሉ፣ ልጅዎ የምትፈልገው ትምህርት ከአምስቱ እንደ አንዱ ራሱን ችሎ አልተጠቀሰም። የሚገባው በሥነ ሕንፃ ታሪክ ሥር ነው። በዚያ ዘርፍ ብቁ ለመባል በሥነ ሕንፃ ታሪክ፣ በኪነ ጥበብ ታሪክ፣ በታሪካዊ ጥበቃ ወይም በተቀራራቢ ትምህርት ሁለተኛ ዲግሪ መያዝ፣ ከዚያም ውስጥ የአሜሪካን የሥነ ሕንፃ ታሪክ የሚመለከቱ ኮርሶችን መውሰድ ያስፈልጋል። ያ ከሌለ በእነዚሁ ትምህርቶች የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ቢያንስ የሁለት ዓመት የሙሉ ጊዜ የምርምር፣ የጽሑፍ ወይም የማስተማር ልምድ ማቅረብ፣ ወይም በታተመ ጥናት ለዘርፉ ጉልህ አስተዋጽኦ ማድረግ ይቻላል። ለታሪክ ዘርፍም መንገዱ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ከዚህ ለቤተሰብዎ የሚወጣው ነገር ግልጽ ይመስለኛል። መለኪያው የኮሌጁን ስም አይጠይቅም፤ በዲግሪው ላይ የተጻፈው ቃልም ቢሆን ከብዙ ተቀባይነት ካላቸው ቃላት አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም። በተጨማሪም አርክቴክቸርን የሚመዝንና ዕውቅና የሚሰጥ ብሔራዊ ቦርድ ቢኖርም ለታሪካዊ ጥበቃ ትምህርት እንዲህ ያለ አካል የለም። የጥበቃ ትምህርት ብሔራዊ ምክር ቤት የሚባለው ማኅበር የትምህርት ክፍሎችን በአባልነት ያሰባስባል፤ አባልነት ግን ዕውቅና አይደለም። ስለዚህ አንድ ኮሌጅ «ዕውቅና ያለው ፕሮግራማችን» ሲል የሚናገረው ስለ ራሱ ስለ ተቋሙ ዕውቅና መሆኑን ይወቁ።

እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን ልጄን በግዛቷ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ወይም የኪነ ጥበብ ታሪክ አስተምሬ፣ የክረምት ወራትን በሥራ ቦታ አሳልፋ፣ ሁለተኛ ዲግሪውን ኋላ እንድትይዝ አደርግ ነበር። ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በታሪካዊ ጥበቃ ሁለተኛ ዲግሪ ስለሚሰጥ ለእናንተ ሩቅ አይደለም።

ቁጥር ይናገር

አስተያየቴ አጭር ነው። ወላጅ ሆኜ ስናገር፣ በዚህ ዲግሪ ሥራ የሚያገኘው ስንት ሰው ነው? ልጅቷ ጎበዝ ከሆነች ነርሲንግ ወይም ኮምፒውተር አጥንታ አሮጌ ቤት በትርፍ ጊዜዋ ብትወድ ምን ይጎድልባታል?

የመዝገብ ሰው

ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ገበያው ሰፊ ነው ብዬ አልከራከርዎትም። ሆኖም ሥራው ሰዎች እንደሚያስቡት በሙዚየም ብቻ የተወሰነ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ገቢ የሚያስገኝ ታሪካዊ ሕንፃን በደንቡ መሠረት ላደሰ ባለንብረት ከወጪው 20 በመቶውን በግብር ቅናሽ ይመልሳል። አሮጌ ፋብሪካ ወደ አፓርታማ፣ የተዘጋ ትምህርት ቤት ወደ ሆቴል ሲለወጥ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ይህ ቅናሽ አለ። ማመልከቻው ሦስት ክፍል አለው፤ መጀመሪያ ሕንፃው ታሪካዊ መሆኑን፣ ቀጥሎ የታሰበው እድሳት ደንቡን እንደማይጥስ፣ በመጨረሻም ሥራው በታሰበው መሠረት መፈጸሙን ማስረዳት ነው። ይህንን ለግንባታ ኩባንያዎች በክፍያ የሚጽፉ አማካሪዎች አሉ፤ አንቀጽ 106ን የሚሠሩ የግል ድርጅቶችም አሉ፤ የከተማ ፕላን መሥሪያ ቤቶችም ታሪካዊ ሠፈሮችን የሚከታተል ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ቻርልስተን እ.ኤ.አ. በ1931 የመጀመሪያውን የታሪካዊ ሠፈር ደንብ ካወጣች ወዲህ እንዲህ ያለ ደንብ ያላቸው ከተሞች እጅግ በዝተዋል።

ደመወዙ ከነርስ ደመወዝ ጋር አይወዳደርም። ለዚህም ነው ዕዳውን አሳንሱ የምለው፤ ትምህርቱን ተዉት ማለቴ አይደለም።

ጡብና ኖራ

ስለ እጅ ሥራው ማንም አላነሳም፤ ስለዚህ ከዚያ በኩል ልጨምር። የምኖረው ኦሃዮ ነው፤ የምሠራው አሮጌ ግንብ መጠገን ነው።

ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ሕንፃን በወረቀት የሚጠብቁ ሰዎችና በእጃቸው የሚጠብቁ ሰዎች ሁለት ዓይነት ትምህርት ያስፈልጋቸዋል፤ ልጅቷ ከየትኛው ወገን መሆን እንደምትፈልግ ሳይታወቅ የኮሌጅ ክፍያ ማወዳደር ጊዜው ገና ነው። አንድ ምሳሌ ልስጥ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ በፊት የተሠሩ የጡብ ቤቶች በአብዛኛው የተገነቡት በኖራ ሞርታር (ጡብን ከጡብ በሚያያይዝ የኖራ ቅልቅል) ነው፤ ጡቡም ለስላሳ ነው። ግድግዳው የሳበው እርጥበት ቀስ እያለ የሚወጣው በመጋጠሚያው በኩል ነው። ይህንን የማያውቅ ግንበኛ «ጠንካራ ይሁን» ብሎ መጋጠሚያውን በፖርትላንድ ሲሚንቶ ሲሞላው እርጥበቱ መውጫ ያጣና በጡቡ በኩል ለመውጣት ይገደዳል፤ ብርዱ ሲመጣ ውስጡ ያለው ውኃ በረዶ ሆኖ ያብጥና የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። ሞርታር በየዘመኑ ሊተካ የሚገባው ክፍል ነው፤ ፊቱ የረገፈ ጡብ ግን አይመለስም። ይህንን በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ የተመጣጠነ ኖራ በእጅ ሲነካ ምን እንደሚመስል ግን መጽሐፍ አያስተምርም። ሪፖርት የሚጽፈውም ሰው ቢሆን ይህንን በዓይኑ ካላየ የተበላሸ ግድግዳ ፊት ቆሞ ምክንያቱን መናገር ያዳግተዋል።

በዚህ በኩል ርካሽ የሆኑ መንገዶች አሉ። ኦሃዮ ሴንት ክሌርስቪል የሚገኘው ቤልሞንት ኮሌጅ የመንግሥት ነው፤ የሕንፃ ጥበቃና እድሳትን በሁለት ዓመት አሶሼት ዲግሪ ያስተምራል። ኦሪገን አስቶሪያ ያለው ክላትሶፕ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅም፣ ጆርጂያ ያለው የሳቫና ቴክኒካል ኮሌጅም ተመሳሳይ ሥልጠና አላቸው። ቻርልስተን የሚገኘው የአሜሪካ የሕንፃ ጥበባት ኮሌጅ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1989 ሁጎ የተባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ካወደመ በኋላ የድሮውን ሥራ የሚጠግን ባለሙያ በመጥፋቱ ነው፤ ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ የግል ስለሆነ ግን ከርካሾቹ ጋር አልቆጥረውም።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሁለት ዓመት ዲግሪ ሁሉ አንድ አይደለም። ለሥራ ተብሎ የተዘጋጀው «አፕላይድ ሳይንስ» የተባለው አሶሼት ዲግሪ ክሬዲቱ በሙሉ ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ላይሻገር ይችላል። ልጅቷ ኋላ ሁለተኛ ዲግሪ ካሰበች ይህንን ከመመዝገቧ በፊት በጽሑፍ አስረጋግጡ።

ደግሞ እናንተ ሜሪላንድ ሆናችሁ እኔ ስለ ኦሃዮ ማውራቴ ያስቀኛል፤ የናሽናል ፓርክ ሰርቪስ (የፌዴራሉ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት) የታሪካዊ ጥበቃ ማሠልጠኛ ማዕከል የሚገኘው ፍሬደሪክ፣ ሜሪላንድ ነው። ወጣቶችን እያስከፈለ ሳይሆን እየከፈለ አናጺነትን፣ ግንበኝነትንና የእንጨት መስኮት ጥገናን የሚያስተምርበት የባህላዊ ሙያዎች መርሐ ግብር አለው። ኮሌጅ ከመግባቷ በፊት ወይም በመካከል ብትሞክረው ምን እንደምትወድ ራሷ ታውቃለች።

ቁጥር ይናገር

ስለ ግብር ቅናሹ አላውቅም ነበር፤ አመሰግናለሁ። አስተያየቴን በግማሽ አንስቻለሁ።

ሄለን ተመራቂ

እኔ ከመዝገብ ሰው ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። በመጀመሪያ ዲግሪ የተማርኩት ታሪካዊ ጥበቃን ነው፤ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሁለተኛ ዲግሪ ሳልይዝ በአማካሪ ድርጅት ተቀጥሬ የሁለት ዓመቱን ልምድ ሞላሁ፤ ዛሬ በሥነ ሕንፃ ታሪክ ዘርፍ ብቁ ሆኜ እፈርማለሁ። የታሪክ ትምህርት ክፍል ሰነድ ማንበብን ያስተምራል፤ ሕንፃ ማንበብን ግን አያስተምርም። የምስማሩን ዓይነት አይቶ ዘመኑን መገመት፣ ወለሉን ለክቶ ንድፍ መሥራት፣ በኋላ የተጨመረውን ክፍል ከመጀመሪያው መለየት፣ የመዝገብ ማቅረቢያ ቅጽ መሙላት፣ የአንቀጽ 106ን አካሄድ ከእነ ቃላቱ ማወቅ፣ ይህ ሁሉ ለአሠሪው ከመጀመሪያው ቀን የሚጠቅም ነው። ታሪክ ያጠናችው ጓደኛዬ ይህንን ለማግኘት ሁለተኛ ዲግሪ ውስጥ መግባት ነበረባት፤ ስለዚህ «ርካሹ» የተባለው መንገድ የስድስት ዓመት መንገድ ሊሆን እንደሚችል አብራችሁ አስሉ።

ሥዕልና ልኬት ለምትወድ ልጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1933 የተጀመረው የአሜሪካ ታሪካዊ ሕንፃዎች ጥናት አለ። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ሥራ ያጡ አርክቴክቶችን ቀጥሮ ሕንፃዎችን በልኬት ንድፍ፣ በፎቶግራፍና በጽሑፍ መዝግቦ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ማስቀመጥ ነበር ዓላማው፤ ሥራው እስካሁን ቀጥሏል። በክረምት ተማሪዎችን በክፍያ ይቀጥራል፤ በስተጀርባው የተጠራቀመው ንድፍና ፎቶግራፍም ለማንም ሰው በነፃ ክፍት ነው። ልጅዎ አሁኑኑ ገብታ አንድ የአካባቢዋን ሕንፃ ብትፈልግ የሙያውን ጠባይ ከማንኛውም የኮሌጅ ማስታወቂያ በተሻለ ትረዳለች።

የመዝገብ ሰው

ሄለን ያለችው እውነት አለው፤ ሕንፃ ማንበብን የማያስተምር የታሪክ ትምህርት ክፍል ብዙ ነው፤ ያንን አቃልዬ ነበር ያለፍኩት። በአቋሜ ግን አለሁ። በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ የመጡ አመልካቾች የሁለት ዓመቱን ልምድ ለማስመስከር ሲቸገሩ አያለሁ፤ የሠሩት ሥራ በከፊል ጊዜ ነበር፣ ወይም መስፈርቱ የሚጠይቀው ዓይነት ምርምር አልነበረም። ልምዱን የሚሰጥ አሠሪ ያገኘ ሰው የእርሷን መንገድ ቢከተል እኔም አልቃወምም።

እናት ከሜሪላንድ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ በዚህ ጥቂት ጽሑፍ የተማርኩት ወራት ጠይቄ ካገኘሁት በለጠ። ልጄን ስጠይቃት፣ ማጥናትና መጻፍን ትወዳለች፤ በእጅ መሥራትን ደግሞ መሞከር እንጂ በእርሱ መተዳደር አትፈልግም። እንግዲህ ከወረቀት ወገን መሆኗ ነው። የሄለንን መንገድ ብንከተል የሜሪ ዋሽንግተን የውጭ ግዛት ክፍያ እንዴት ይቀንሳል? ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብናስጀምራትስ? ስለ ብድሩም የወጡ አዳዲስ ደንቦች እንዳሉ ሰምቻለሁ።

የክፍያ ቢሮ

በኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ውስጥ የምሠራ ነኝ፤ በዚህ ልመልስልዎ እችላለሁ።

በመጀመሪያ ከማስታወቂያ ዋጋ ጋር አይከራከሩ። እያንዳንዱ ኮሌጅ በድረ ገጹ ላይ የተጣራ ዋጋ ማስያ የማስቀመጥ ግዴታ አለበት፤ የገቢያችሁን መጠን ስታስገቡ ከድጋፍ በኋላ የሚቀረውን ግምት ይሰጣችኋል። ፋፍሳ የተባለው የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ በየዓመቱ በኦክቶበር መጀመሪያ ይከፈታል፤ ካልሞላችሁ ዛሬ ነገ አትበሉ። በገቢ ለሚበቃ ተማሪ የሚሰጠው የፔል ግራንት ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ ይህ ስጦታ ነው፤ አይመለስም። ግሪን ካርድ ያላችሁ ሁሉ ዜጋ ባትሆኑም ለፌዴራል ድጋፉ ማመልከት ትችላላችሁ። (ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልጠቁም፤ በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ለመቀጠር ግን በመደበኛው አሠራር ዜግነት ይጠየቃል፤ ስለዚህ ናሽናል ፓርክ ሰርቪስን የምታስብ ልጅ የዜግነት ጉዳይዋን ቀደም ብላ ብትጨርስ ይጠቅማታል።)

በወላጅ ላይ ጥገኛ የሆነ ተማሪ በስሙ የሚወስደው የፌዴራል ብድር በመጀመሪያው ዓመት 5,500 ዶላር፣ እስኪመረቅ በጠቅላላው 31,000 ዶላር ነው። ኮሌጁ ከዚህ በላይ ብድር የሚጠይቅ ከሆነ ልዩነቱ የሚወድቀው በወላጅ ብድር ወይም በግል ባንክ ላይ ነው። ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዳዲስ ተበዳሪዎች የወላጅ ብድሩ ራሱ ለአንድ ልጅ በዓመት በ20,000፣ በጠቅላላው በ65,000 ዶላር ይገደባል። የግል የኪነ ጥበብ ኮሌጁን ስሌት በእነዚህ ቁጥሮች ላይ አስቀምጣችሁ እዩት፤ ለእኔ 31,000 ዶላሩ ለዚህ ሙያ የመጨረሻው ድንበር ነው፤ እርሱም ቢሆን በሙሉ ባይነካ ይመረጣል።

ሁለተኛ ዲግሪውን በሚመለከት የተለወጠው ነገር ከባድ ነው። ከዚያው ከጁላይ 2026 ጀምሮ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እስከ ሙሉ ወጪያቸው ይበደሩበት የነበረው «ግራድ ፕላስ» ለአዳዲስ ተበዳሪዎች ቀርቷል፤ ለተራው ሁለተኛ ዲግሪ የቀረው የፌዴራል ብድር በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ጣሪያ አለው። የመዝገብ ሰው ያሉትን መንገድ የምትከተሉ ከሆነ «ማስተርሱን ኋላ እንበደራለን» የሚለው ሐሳብ እንደ ቀድሞው አይሠራም፤ የምርምር ረዳትነት የሚሰጥ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መፈለግ ወይም አሠሪ እንዲከፍል ማድረግ ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ ሜሪ ዋሽንግተን። የደቡብ ግዛቶች የትምህርት ቦርድ «አካዳሚክ ኮመን ማርኬት» የሚባል ስምምነት አለው፤ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም አባል ናቸው። ሐሳቡ፣ በግዛታችሁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የማይሰጥ ትምህርት በሌላ አባል ግዛት ካለ በዚያ ግዛት ነዋሪ ክፍያ መማር ነው። እንዲህ ዓይነቱ ብርቅ የሆነ ትምህርት ስምምነቱ የተፈጠረለት ዓይነት ነው። ነገር ግን ሁሉም ዩኒቨርሲቲና ሁሉም የትምህርት ክፍል አይሳተፍም፤ ዝርዝሩም ይለዋወጣል። ስለዚህ የቦርዱን ዝርዝር ካያችሁ በኋላ ለሜሪላንድ አስተባባሪ ጽፋችሁ የነዋሪነት ማረጋገጫ መጠየቅ፣ ለዩኒቨርሲቲው የመግቢያ ቢሮም ጽፋችሁ በጽሑፍ መልስ ማግኘት ያስፈልጋል። ተማሪዋ ከገባች በኋላ የትምህርት ዘርፏን ከለወጠች ቅናሹ ይቀራል፤ ይህንን ልጅዎ ከአሁኑ ትወቀው። ሌሎች አንባቢዎችም ከሌላ አካባቢ ከሆናችሁ በምዕራብ፣ በመካከለኛው ምዕራብና በኒው ኢንግላንድ ግዛቶች ተመሳሳይ ስምምነቶች አሉ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጁን በተመለከተ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምራ በሜሪላንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ወይም አርክቴክቸር ለመጨረስ ካሰበች እጅግ ጥሩ ነው፤ የትኛው ኮርስ የት እንደሚቆጠር «አርትሲስ» በሚባለው የግዛቱ ሥርዓት ላይ ኮርስ በኮርስ ማየት ትችላላችሁ። ወደ ሜሪ ዋሽንግተን ለመሻገር ግን የዋስትና ስምምነት ያለው በዋናነት ከቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ጋር ነው፤ የሜሪላንድ ክሬዲት በተናጠል ሊመዘን ይችላል። በተጨማሪም የጥበቃ ትምህርት ኮርሶች ተከታትለው የሚወሰዱ ስለሆኑ በሦስተኛው ዓመት የሚገባ ተማሪ ተጨማሪ ጊዜ ሊጠየቅ ይችላል። ሁለት ዓመት በርካሽ ተምሮ በውድ ዩኒቨርሲቲ አንድ ዓመት መጨመር ቁጠባ አይሆንም።

በመጨረሻም፣ በዚህ ሙያ ብዙ ሰው የሚቀጠረው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ለትርፍ ባልቆመ ድርጅት ነው። በእነዚህ ቦታዎች በሙሉ ጊዜ እየሠራ ደንቡ የሚቀበላቸውን 120 ወርሃዊ ክፍያዎች የፈጸመ ሰው የቀረው የፌዴራል ብድር ይሰረዝለታል። አማካሪ ድርጅት ግን ለትርፍ የቆመ ስለሆነ በዚህ አይቆጠርም፤ ሄለን ይህንን ታውቀዋለች ብዬ እገምታለሁ።

ሄለን ተመራቂ

አውቀዋለሁ፤ ብድሬ ትንሽ ስለነበረ አልጎዳኝም።

ጥላ ሥር

የሜሪላንድ ቤተሰብ ስለሆናችሁ ሞርጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲን ማንም አለማንሳቱ ገረመኝ። ባልቲሞር ያለ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከታሪካዊ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ነው፤ የአርክቴክቸርና የአካባቢ ንድፍ ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል፤ በግዛት ነዋሪ ክፍያ ይገባል። የሞርጋንና አላባማ ያለው የተስኪጊ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ተማሪዎች ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ ከሌሎች ጋር ባዘጋጀው «ተቺንግ ሂስትሪ» በተባለ የክረምት መርሐ ግብር ተሳትፈው በታሪካዊ ሥፍራዎች ላይ ተለማምደዋል። ተስኪጊን ማንሳቴ ያለ ምክንያት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1892 ከኤም አይ ቲ የተመረቀው ሮበርት ቴይለር የነደፋቸውን የዚያን ግቢ ሕንፃዎች ተማሪዎቹ ራሳቸው በሠሩት ጡብ ነው የገነቧቸው። በጥበቃው ሙያ ውስጥ የጥቁሮች ታሪክ ያለባቸው ሥፍራዎች ለረጅም ጊዜ ተዘንግተው ኖረዋል፤ የብሔራዊው ጥበቃ ትረስት የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ለዚሁ ራሱን የቻለ ፈንድ ማቋቋሙም ለዚህ ነው። ይህንን ሥራ የምትሠራ ልጅ ያስፈልጋል።

አርክቴክት የሆነ ሰው ደግሞ በጥበቃ ሥራ ላይ የአንድ ዓመት ልምድ ወይም የአንድ ዓመት የድኅረ ምረቃ ጥናት ሲጨምርበት ለ«ታሪካዊ አርክቴክት» መለኪያ ሊበቃ ይችላል። ትምህርቱ ረጅም ነው፤ ሥራው ግን ከጥበቃ ውጭም ይፈለጋል።

እናት ከሜሪላንድ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከልጄና ከአባቷ ጋር ተነጋግረን የግል ኮሌጁን ትተነዋል። ለሜሪላንድ አስተባባሪ ስለ ስምምነቱ ጽፈናል፤ የነዋሪ ክፍያ ከተፈቀደላት ሜሪ ዋሽንግተን ትገባለች፤ ካልተፈቀደላት ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ጀምራ በሜሪላንድ ትቀጥላለች። ስለ ፍሬደሪኩ ማሠልጠኛም እየጠየቀች ነው። የሜሪ ዋሽንግተንን የትምህርት ክፍል በሚቀጥለው ሳምንት ልንጎበኝ ቀጠሮ ይዘናል፤ ምን እንጠይቅ?

የመዝገብ ሰው

የሕንፃውን ውበት ያሳዩዋችኋል፤ እናንተ መምህራኑን ቁጠሩ። በቋሚነት የተቀጠሩት ስንት ናቸው? ይህ ትምህርት በየትም ቦታ በጥቂት ሰዎች ትከሻ ላይ የቆመ ነው፤ አንድ ሁለቱ ጡረታ ሲወጡ ትምህርቱ የሚታጠፍባቸው ኮሌጆች አሉ። ያለፉት ዓመታት ተመራቂዎች የት እንደተቀጠሩ በስም የሚነግሯችሁ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። የመስክ ትምህርቱ በመደበኛው ክፍያ ውስጥ ነው ወይስ በክረምት ተጨማሪ ይጠየቅበታል? የክረምት ልምምዱስ ደመወዝ አለው?

ከሁሉም በላይ የአሜሪካን የሥነ ሕንፃ ታሪክ ኮርስ በግዴታ መልክ መኖሩን አረጋግጡ፤ ታሪክ ወይም አርክቴክቸር ብታጠናም ይኸው ነው። ደግሞ የየኮርሱን ዝርዝር መግለጫና የሠራችውን ጽሑፍ ሁሉ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምራ ታስቀምጥ፤ ማመልከቻ ሲመረመር በትራንስክሪፕት ላይ ያለው አጭር ርዕስ ኮርሱ ምን እንዳስተማረ ሳያሳይ ሲቀር መግለጫውን አምጡ የምንለው እኛው ነን።

ጡብና ኖራ

እስከዚያው ድረስ ናሽናል ፓርክ ሰርቪስ በነፃ ያወጣቸውን «ፕሪዘርቬሽን ብሪፍስ» የተባሉ አጫጭር የጥገና ጽሑፎች ታንብብ፤ ሁለተኛው ስለ ሞርታር፣ ዘጠነኛው ስለ እንጨት መስኮት ነው። መምህራኑን ስትጎበኙ ስለ ሁለተኛው አንድ ጥያቄ ብትጠይቃቸው፣ ወደ ላቦራቶሪ ወስደው የሚያሳዩዋት ከሆነ እዚያ ኖራ የሚነካ ሰው አለ ማለት ነው።